በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት ፈታሾች፤ ኮምፕሊያንስና ኦዲት የቁጥጥር ፍተሻን የተካፈሉበት ታሪክ

አንድ ድርጅት ገንዘቡንና ንብረቱን ለመጠበቅ፣ ሒሳቡም እውነተኛ እንዲሆን ለማድረግ የሚዘረጋቸው ሥርዓቶች በሙያችን አጠራር ቁጥጥር ይባላሉ። ቁጥጥሩ በመመሪያ ላይ መጻፉ ብቻ በቂ ስላልሆነ፣ በእርግጥ በሥራ ላይ መዋሉን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ፈታሽ ማን ይሁን? ፈታሾቹ ሁለት ቢሆኑስ፣ አንደኛው የሠራውን ሌላው ሊቀበለው ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የሙያው ሰዎች ከ80 ዓመታት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ዛሬ ክርክሩ ከወረቀት ፋይል ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። በብዙ አገሮች የሚገኙ ታላላቅ ድርጅቶች የኮምፕሊያንስ ክፍላቸውና የኦዲት ክፍላቸው በአንድ የስጋት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እንዲሠሩ፣ የቁጥጥር ዝርዝሩንና የፍተሻውንም ውጤት በአንድ የመረጃ ቋት እንዲያኖሩ አድርገዋል። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ግን ነገሩን ከባዶ አልጀመሩትም፤ የወረሱት ረዥም ታሪክ አለ። ቀጥሎ የሚቀርበው የዚሁ ታሪክ አጭር ዳሰሳ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉ ይሁን።

የነገሩን ሥር ለማግኘት በ1938 በአሜሪካ ወደ ተገለጠው የማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ ጉዳይ መመለስ ያሻል። ይህ የመድኃኒት ኩባንያ በመዝገቡ ካሳየው 87 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠቅላላ ሀብት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህሉ በዓለም ላይ ያልነበረ ዕቃና ያልነበረ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ዶናልድ ኮስተር እየተባለ ይጠራ የነበረው የኩባንያው ፕሬዚዳንት እውነተኛ ስሙ ፊሊፕ ሙዚካ ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ሲል በማጭበርበር የተቀጣ ሰው ነበር። ወንድሞቹም እንዲሁ ስማቸውን ለውጠው ነበር። ሁለቱ በኩባንያው ውስጥ ቦታ ይዘው፣ ሌላው ደግሞ ከውጭ ሆኖ፣ የግዢ ትእዛዙን፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙንና የሽያጭ ሰነዱን እርስ በርሳቸው እያዘጋጁ ያቀርቡ ነበር። የውጭ ኦዲተሩ ፕራይስ ዋተርሀውስ ሰነዱን ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር ሁሉም ልክ ሆኖ ያገኘዋል። ለምን አይሆን? ሰነዱንም መዝገቡንም ያዘጋጀው አንድ ቤተሰብ ነው። በዚያን ጊዜ የሙያው ልማድ ኦዲተሩ ወደ መጋዘን ሄዶ የዕቃ ቆጠራውን እንዲመለከት፣ ወይም ለባለዕዳዎች ደብዳቤ ጽፎ እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም ነበር። ኮስተር በታኅሣሥ 1938 ራሱን ገደለ፤ ኦዲተሩም ከ500 ሺህ ዶላር በላይ የሚሆን የአገልግሎት ክፍያ ለኩባንያው መለሰ። በ1939 የአሜሪካ የሒሳብ አዋቂዎች ተቋም ቆጠራን መከታተልንና ተሰብሳቢን ማረጋገጥን የኦዲት ግዴታ አደረገ።

ይህን ጉዳይ የምናስታውሰው ስለ ቆጠራ ለመናገር ብቻ አይደለም። የማኬሰን ጉዳይ ለሙያው ያስጨበጠው ዐቢይ ነገር፣ ኦዲተር የሌላውን ሰው ሥራ ተቀብሎ ሲያልፍ ያ ሰው ማን እንደሆነና ከምርመራው ውጤት ምን ጥቅም ወይም ጉዳት እንደሚያገኝ መጠየቅ ያለበት መሆኑን ነው። ኋላ በየደረጃ መመዘኛው ውስጥ ‹ብቃት› እና ‹ገለልተኛነት› ተብለው የገቡት ሁለት ቃላት መነሻቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በ1941 የውስጥ ኦዲተሮች ኢንስቲትዩት በኒው ዮርክ ተመሠረተ። ከዚያ በፊትም የውስጥ ኦዲተሮች በባቡር ኩባንያዎችና በመሳሰሉት ድርጅቶች ውስጥ ይሠሩ የነበረ ቢሆንም፣ አሁን ግን የራሳቸው ማኅበር ያላቸው ባለሙያዎች ሆኑ። ወዲያው የሥራ ድንበር ጥያቄ ተነሣ። በ1949 የሒሳብ አዋቂዎቹ ተቋም ያወጣው የውስጥ ቁጥጥር ትርጓሜ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ንብረትን መጠበቅንና የሒሳብን ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን የሥራ ቅልጥፍናንና የአስተዳደሩን መመሪያ መከበርንም ያጠቃልላል። የውጭ ኦዲተሮች ይህን ሁሉ እንድንመረምር ልንጠየቅ ነው ብለው ስለሠጉ፣ በ1958 ቁጥጥር ‹የሒሳብ› እና ‹የአስተዳደር› ተብሎ በሁለት ተከፈለ፤ የውጭ ኦዲተሩም በዋነኛነት የሚመለከተው የመጀመሪያው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በእኛ አስተያየት ይህ ክፍፍል ከሚገመተው በላይ ዘላቂ ውጤት ነበረው። ሕግና መመሪያ መከበሩን የሚመለከተው የቁጥጥር ወገን ያን ጊዜ ጠንካራ ባለቤት ሳያገኝ ቀረ፤ ዛሬ ኮምፕሊያንስ የምንለው ክፍል ኋላ መጥቶ የሰፈረው በዚሁ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ክፍሉ የመጣውም በፈቃደኝነት ሳይሆን በሕግ አስገዳጅነት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከ400 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለውጭ አገር ባለሥልጣኖችና ለመሳሰሉት አጠያያቂ ወይም ሕገ ወጥ ክፍያ መፈጸማቸውን አመኑ፤ ድምሩም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ክፍያው በየመዝገቡ የኮሚሽንና የአማካሪ ወጪ እየተባለ ስለተሰወረ፣ በ1977 የወጣው የውጭ ጉቦ መከላከያ ሕግ ጉቦን በመከልከል ብቻ አልተወሰነም። ኩባንያዎች ትክክለኛ መዝገብ እንዲይዙና በቂ የሒሳብ ቁጥጥር እንዲዘረጉ አዘዘ። በ1991 ደግሞ ድርጅቶች በወንጀል ሲፈረድባቸው የሚመራበት የፌዴራል የቅጣት መመሪያ ወጣ። በዚህ መመሪያ መሠረት፣ የሕግ ጥሰትን ለመከላከልና ለመለየት የሚያስችል ውጤታማ ፕሮግራም ያለው ድርጅት የቅጣት ቅናሽ ያገኛል። የገንዘብ ቅጣትን የሚያስቀንስ ነገር በዳይሬክተሮች ቦርድ ዘንድ ጆሮ ማግኘቱ የታወቀ ነውና፣ የኮምፕሊያንስ ክፍሎች በየድርጅቱ ተስፋፉ። በማግሥቱ ዓመት በ1992 የታተመው የኮሶ የውስጥ ቁጥጥር ማዕቀፍ የሥራ ቅልጥፍናን፣ የሒሳብ ሪፖርት ታማኝነትንና ለሕግ ተገዢነትን በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጣቸው፤ በ1958 የተለያዩት ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተገናኙ ማለት ነው።

በባንክ ሥራ የባዝል ኮሚቴ በሚያዝያ 2005 ያወጣው የኮምፕሊያንስ መርሕ ድንበሩን ይበልጥ አጠራው። የኮምፕሊያንስ ክፍል ከውስጥ ኦዲት የተለየ መሆን አለበት፤ የውስጥ ኦዲትም የኮምፕሊያንስን ሥራ በየጊዜው ይመረምራል ይላል። ልብ ይባል፤ ሁለቱም ቁጥጥርን ይፈትሻሉ፤ ነገር ግን አንደኛው የሌላው ተመርማሪ ነው። ተመርማሪና መርማሪ አንድ መዝገብ ሲካፈሉ ምን እንደሚፈጠር መርሑ በዝርዝር አልተናገረም።

ጉዳዩን ከመርሕ ወደ ዕለታዊ ችግር የለወጠው በሐምሌ 2002 የጸደቀው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 404 አስተዳደሩ የሒሳብ ሪፖርት ቁጥጥሩን በየዓመቱ ገምግሞ እንዲያስታውቅ፣ የውጭ ኦዲተሩም አስተያየቱን እንዲሰጥበት ያዛል። ከፍ ያሉት ኩባንያዎች ትእዛዙን መፈጸም የጀመሩት ከኅዳር 2004 አጋማሽ ወዲህ በሚዘጋው የበጀት ዓመታቸው ነበር። ለኦዲተሮቹ መመሪያ ይሆን ዘንድ የወጣው 2ኛው የኦዲት መመዘኛ ኦዲተሩ የሌሎችን ሥራ መጠቀም ቢፈቅድለትም፣ ለአስተያየቱ ዋነኛ የሆነው ማስረጃ የራሱ ሥራ ውጤት እንዲሆን ያስገድደው ነበር። ስለዚህም አንዱን ቁጥጥር መጀመሪያ የሥራ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ኮምፕሊያንስ ወይም ለዚሁ የተቋቋመው ቡድን፣ ከዚያም የውስጥ ኦዲት፣ በመጨረሻ የውጭ ኦዲተሩ ይፈትሹት ጀመር።

ለምሳሌ ያህል ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሒሳብ ሥርዓቱ የሚገባበት የይለፍ ፈቃድ በወቅቱ ተሰርዞ እንደሆነ የሚያረጋግጠውን ቁጥጥር እንውሰድ። ይህ ቁጥጥር ለሒሳብ ሪፖርት ያስፈልጋል፤ ለደንበኞች ምስጢር ጥበቃ ያስፈልጋል፤ የክፍያ ካርድ የሚቀበል ድርጅት ከሆነ በታኅሣሥ 2004 ለወጣው የካርድ ደኅንነት መመዘኛም ያስፈልጋል። የኮምፒዩተር ክፍሉ ሠራተኛ አንዱን የተጠቃሚዎች ዝርዝር በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ለሦስትና ለአራት ጠያቂዎች፣ በሦስትና በአራት ልዩ ልዩ ቀን፣ በልዩ ልዩ ቅርጽ ያወጣል። ዝርዝሮቹ የወጡበት ቀን ስለሚለያይ ቁጥራቸውም አይገጥምም፤ ቁጥሩ ያልገጠመበትን ምክንያት ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። በመጋቢት 2005 የፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር 217 ኩባንያዎችን ጠይቆ ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ የመጀመሪያው ዓመት አማካይ ወጪ ለእያንዳንዱ ኩባንያ 4.36 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር።

ጩኸቱ ስለበረታ በ2007 5ኛው መመዘኛ የቀድሞውን ተካ። ‹ዋነኛ ማስረጃ› የሚለው ግዴታ ቀርቶ በምትኩ ሚዛን ተቀመጠ። የፈተሸው ሰው ብቃቱና ገለልተኛነቱ ከፍ ባለ መጠን ኦዲተሩ በሥራው ይበልጥ ሊጠቀም ይችላል፤ የቁጥጥሩ ስጋት ከፍ ባለ መጠን ግን ራሱ መሥራት ይገባዋል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሥራቸው ሊወሰድ የሚችለው የውስጥ ኦዲተሮች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች የኩባንያው ሠራተኞችም፣ በአስተዳደሩ ወይም በኦዲት ኮሚቴው ትእዛዝ የሚሠሩ የውጭ ሰዎችም ጭምር መሆናቸውን መመዘኛው በግልጽ አስፍሯል። ከዚህ በኋላ ኮምፕሊያንስ የሠራው ፍተሻ ለኦዲተር ዋጋ አገኘ። ዋጋ እንዲያገኝ ግን መታየት አለበት፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ የትኛውን ናሙና እንዳየ፣ ማን እንደገመገመው ተመዝግቦ መገኘት ይኖርበታል። በኢሜይልና በኤክሴል ሰንጠረዥ ይህን ማሟላት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሶፍትዌሩ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ኦዲተሮች ኮምፒዩተርን ለፍተሻ መጠቀም የጀመሩት ቀደም ብለው ነበር፤ ሃስኪንስ ኤንድ ሴልስ የተባለው የኦዲት ድርጅት ኦዲቴፕ የተሰኘውን ፕሮግራም ያወጣው በ1967 ነው። ያ ግን የኦዲተሩ የግል መሣሪያ ነበር። ከ2002 በኋላ የተስፋፋው ዓይነት ከዚህ ይለያል፤ የበላይ አመራርን፣ ስጋትንና ኮምፕሊያንስን በአንድ ላይ ይዣለሁ የሚል የጋራ መዝገብ ነው። ታላላቆቹ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ለዚህ ገበያ የሰጡት ግምት ከግዢያቸው ይታያል። ኤስኤፒ በ2006 ቪርሳን፣ አይቢኤም በ2010 ኦፕንፔጅስን፣ ኢኤምሲ በዚያው በ2010 አርቸርን ገዙ። የሁሉም አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ ቁጥጥር አንድ መለያ ቁጥር፣ አንድ ባለቤትና አንድ መግለጫ ይኖረዋል። ከሚከላከለው ስጋትና ከሚያሟላቸው ሕጎች ሁሉ ጋር ይያያዛል። ፍተሻው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ውጤቱ ለብዙ ጉዳይ ይቆጠራል። ሻጮቹ አንድ ጊዜ ፈትሽ፣ ብዙ ጊዜ ተጠቀም እያሉ የሚያስተዋውቁት ይህንን ነው። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ከማኬሰን ጀምሮ የተነሣውን ጥያቄ የማያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል።

መዝገብን የመካፈል አደጋ ምን እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የወርልድኮም ጉዳይ ነው። በ2002 የዚህ የስልክ ኩባንያ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ የነበረችው ሲንቲያ ኩፐር ከባልደረቦቿ ጋር ሆና የካፒታል ወጪን ስትመረምር ድጋፍ ሰነድ የሌላቸው ከፍተኛ የጆርናል ምዝገባዎች አገኘች። ለሌሎች የስልክ ኩባንያዎች የመስመር ኪራይ የተከፈለው ወጪ ወደ ቋሚ ንብረት ተዛውሮ ኖሯል። ኦዲተሮቹ ወደ ሒሳብ ሥርዓቱ የሚያስገባ ፈቃድ ስላገኙ ምዝገባዎቹን ራሳቸው ማውጣት ቻሉ። ፍለጋው ኮምፒዩተሩን እንዳያጨናንቅና ትኩረት እንዳይስብ ሲሉም በምሽት ይሠሩ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ስኮት ሰሊቫን ምርመራው እንዲዘገይ ጠየቀ፤ ኩፐር ግን ጉዳዩን ለኦዲት ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቀረበች። ኩባንያው ሰኔ 25 ቀን 2002 የ3.8 ቢሊዮን ዶላር ስሕተት መኖሩን አስታወቀ፤ ምርመራው ሲጠናቀቅ ድምሩ ወደ 11 ቢሊዮን አሻቀበ። እስቲ ይህ ሁሉ የተፈጸመው ረቂቅ የፍተሻ ውጤት በገባ ቁጥር የቁጥጥሩ ባለቤት ወዲያው ማስታወቂያ በሚደርሰው ሥርዓት ውስጥ ነበር እንበል። ኦዲተሯ የመጀመሪያውን ምዝገባ ባገኘችበት ምሽት ሰሊቫን ያውቀው ነበር። እንግዲህ ጥሩ የሚባለው የስጋት ሶፍትዌር ኦዲት ሁሉን የሚያይበት፣ ኦዲት የሚሠራውን ግን እስኪፈረም ድረስ ሌላው የማያይበት ክፍል ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ አለመካፈልም ዋጋ ያስከፍላል። የፈረንሳዩ ባንክ ሶሲዬቴ ዤኔራል በጥር 2008 ዤሮም ኬርቪዬል በተባለ አንድ ገበያተኛው ምክንያት 4.9 ቢሊዮን ዩሮ መክሰሩን አስታወቀ። ሰውየው ቀደም ሲል የገበያተኞችን ግብይት በሚከታተለው ክፍል ሠርቶ ስለነበር ቁጥጥሮቹን ከነጉድለታቸው ያውቃቸዋል። የባንኩ የኢንስፔክሽን ክፍል በግንቦት 2008 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በእርሱ ግብይት ላይ በልዩ ልዩ ክፍሎች ከ70 በላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ታይተው ነበር። ዩሬክስ የተባለው የግብይት ማዕከልም በኅዳር 2007 ለባንኩ የኮምፕሊያንስ ክፍል ጥያቄ ጽፏል። የሚያስገርመው የቁጥጥር ሠራተኞቹ በአብዛኛው መመሪያቸውን የፈጸሙ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ክፍል የታዘዘውን ፍተሻ አድርጓል፣ ጠይቋል፣ መልስም አግኝቷል፤ ሰውየው የሰጠውን መልስ እውነተኛነት ግን መርምሮ አልገፋበትም። አንዱ ክፍል ያገኘውን ከሌላው ጋር አገናኝቶ ያየ አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ክሩ ሲገመድ ነው፤ እዚህ ግን ክሩ ሁሉ በየመሳቢያው ነበር።

እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ተቃራኒ መስለው ቢታዩም አንድ ላይ ሲነበቡ የክፍፍሉን ልክ ያመለክታሉ። በእኛ እምነት ሊካፈሉት የሚገባው ጥሬው ማስረጃና የቁጥጥሩ መግለጫ ነው። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር አንድ ጊዜ ይውጣ፤ የወጣበት ቀን፣ ያወጣው ሰውና የተጠቀመበት ትእዛዝ አብሮ ይመዝገብ፤ ከዚያም ማንም እንዳይነካው ይቆለፍ። ኮምፕሊያንስም ኦዲትም ከዚያው ይቅዱ። መደምደሚያው ግን የየራሳቸው መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ አይደለም። ኮምፕሊያንስ በደንቡ የተወሰነው ጊዜ ተከብሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኦዲተሩ ደግሞ የተሰናበተው ሰው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ገብቶ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ዝርዝሩስ ሁሉንም ተጠቃሚ ይዟል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ‹ውጤታማ› የሚለው ቃል በሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ሳጥን ብቻ ሲኖረው ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀረውም የኦዲተሩ ነው፤ ሳጥኑን ቀድሞ የሚሞላው ኮምፕሊያንስ ነውና።

ድጋሚ ፍተሻም እንዲሁ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በየቀኑ ለሚፈጸም ቁጥጥር በልማድ 25 ያህል ናሙና ይወሰዳል። ኦዲተሩ የኮምፕሊያንስን ሥራ ሊቀበል ሲሻ ከእነዚህ ጥቂቱን ራሱ እንደገና ይሠራል፤ በተጨማሪም ኮምፕሊያንስ ያልመረጣቸውን ሌሎች ናሙናዎች ይወስዳል። ይህን ሁለተኛውን እርምጃ የሚዘል ሰው በሌላው ምርጫ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ናሙናውን የመረጠው ሰው የሚታየውን መርጧል፤ በማኬሰን መዝገብ ላይ የታየው ሁሉ ልክ እንደነበር መርሳት አይገባም። የአሜሪካ የኦዲት ተቆጣጣሪ ቦርድም በጥቅምት 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ኦዲተሮች የሌሎችን ሥራ ሲጠቀሙ የሚታይባቸውን ጉድለት ከችግሮቹ አንዱ አድርጎ አንሥቶታል። ሶፍትዌሩ ከተስፋፋ በኋላም ነገሩ አልተፈታም ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ታሪክ የደረሰን በተለይ በባንኮች በኩል ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 አሻሽሎ ያወጣው የባንኮች የስጋት አስተዳደር መመሪያና፣ በ2014 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ በየፊናቸው የሥራውን መልክ ለውጠዋል። የስጋትና የኮምፕሊያንስ ክፍሎች ከውስጥ ኦዲት ጎን ለጎን መታየታቸው ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሶፍትዌር ለመግዛት ጨረታ የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን በመስፈርቱ ውስጥ የሪፖርቱን ውበትና የስክሪኑን ቀለም በሰፊው ሲዘረዝሩ፣ ረቂቁን ማን ያያል? የተዘጋን ግኝት ማን ይከፍታል? የሥርዓቱ አስተዳዳሪስ ለማን ተጠሪ ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድ መስመር ቢያልፏቸው ትልቅ ጉዳት ነው። በተለይ የመጨረሻው ሊታሰብበት ይገባል። የፈቃድ ቁልፉን የያዘው ሰው ለኮምፕሊያንስ ኃላፊው ተጠሪ ከሆነ፣ በባዝል መርሕ መሠረት መርማሪ የሆነው ክፍል ወደ መዝገቡ የሚገባው በተመርማሪው ፈቃድ ይሆናል።

የሙያው መመዘኛዎች በበኩላቸው ወደ መተባበሩ ማዘንበላቸውን ቀጥለዋል። የውስጥ ኦዲተሮች ኢንስቲትዩት በጥር 2013 ‹ሦስቱ የመከላከያ መስመሮች› ብሎ ያሳተመውን ጽሑፍ በሐምሌ 2020 ሲያሻሽል፣ ‹መከላከያ› የሚለውን ቃል አውጥቶ በመስመሮቹ መካከል የሚደረገውን ቅንጅት አጉልቶታል። ከጥር 9 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ የውስጥ ኦዲት መመዘኛ ደግሞ የኦዲት ኃላፊው ከሌሎች ፈታሾች ጋር ሥራውን እንዲያቀናጅ፣ በሥራቸውም መደገፍን እንዲያስብበት ያዛል። የተደገፈበትን ምክንያት ግን በጽሑፍ ማኖር አለበት፤ ለተደረሰበት መደምደሚያም ተጠያቂው ያው የኦዲት ኃላፊው ራሱ ነው።